የቆዳ ካንሰር የሚመስሉ የፈንገስ ሕመሞች፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ዶክተር፣ አባቴ ገበሬ ናቸው። ከዓመታት በፊት የግራር እሾህ የወጋው እግራቸው ላይ ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ወጥቶ እየሰፋ ነው። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ተብለናል። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ክሮሞብላስቶማይኮሲስ የሚባለው ሕመም በአፈርና በበሰበሰ ዕፅ ላይ በሚኖር ጥቁር ፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ ፈንገሱ በእሾህ ወይም በእንጨት ስንጥር ከቆዳ ሥር ከገባ በኋላ ለዓመታት ቀስ እያለ አበባ ጎመን የሚመስል ሻካራ እባጭ ያበቅላል። ቆዳው በዚህ የተነሳ እጅግ ስለሚወፍር፣ በዓይን ብቻ ሳይሆን በማይክሮስኮፕም ጭምር ስኩዌመስ ሴል ከሚባለው የቆዳ ካንሰር ጋር ሊምታታ ይችላል። እባጩን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት፤ ላዩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ፈንገሱ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና ሳትፋቁ ለሐኪሙ አሳዩ። ነጥብ ስለሌለው ግን ካንሰር ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ታዲያ በምን ይለያል?

መልስ፦ በናሙና ምርመራ ነው። ከእባጩ የሚወሰደው ሥጋ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ሥጋው እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ለፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ክፍል)፣ ሌላው ፎርማሊን ሳይነካው ለፈንገስ ካልቸር (ፈንገሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) መላክ አለበት፤ ፎርማሊን ፈንገሱን ይገድለዋልና። ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው የመዳብ ቀለም ያላቸው፣ መሐላቸው በግድግዳ የተከፋፈለ ክብ ሕዋሳትን ነው። ስለ እሾሁ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ግን እነዚህን ለመፈለግ ላያስብ ይችላል፤ ስለዚህ ታማሚው ሳይጠየቅም ቢሆን ይናገር ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ቁንጭር የምንለውስ ያው ነው? ከሰው ወደ ሰውስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ቁንጭር ፈንገስ አይደለም፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ሊሽማንያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። መልኩ ግን ስለሚያሳስት እርሱም መመርመር አለበት። ክሮሞብላስቶማይኮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እቤት ቢተኮስ ወይም ቢቆረጥስ?

መልስ፦ በፍጹም አይደረግም፤ ፈንገሱን ወደ ጎን ሊያዛምተው ይችላል። ትንሽ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ሰፊ ከሆነ ኢትራኮናዞል የተባለ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ በዚህ ጊዜ የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ እባጭ ላይ እውነተኛ ካንሰር ሊነሳ ስለሚችል፣ አዲስ ቁስል ወይም መድማት ከታየ ቀድሞ ፈንገስ ነው የተባለም ቢሆን ናሙናው እንደገና መወሰድ አለበት።