እምነቱን ለተወ ወንድሜ እንዴት ልመስክርለት?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ቤት እንኖራለን። ወንድሜ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፥ እኔንም ከበሮ መምታት ያስተማረኝ ሰው ነው። አባታችን ታሞ በነበረበት ጊዜ ጠበል ያመላልሰው የነበረውም እሱ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ግን «እግዚአብሔር የለም» ይላል። ስብከት በቴሌግራም ስልክለት ሳይሰማው ያጠፋዋል። በዐቢይ ጾም ሥጋ ሥሪልኝ ብሎኝ በማዕድ ላይ ተጣላን፤ ከዚያ ወዲህ አብሮን አይበላም። እንዴት ልመስክርለት?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ ስለ ወንድምሽ ነፍስ መጨነቅሽ ከፍቅር የመጣ ነውና እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ከጻፍሽው ሁሉ ይልቅ ልቤ የቀረው ግን ጣል አድርገሽ ባለፍሽው ነገር ላይ ነው፤ አባታችሁን ጠበል ያመላለሰው ወንድምሽ ነበር። ተስፋ አድርጎ ደጅ የጠናው፥ በሽተኛውን ደግፎ ወደ ጠበሉ የገባው፥ በመጨረሻም አስከሬን ይዞ ወደ ቤት የተመለሰው እሱ ከሆነ፥ «እግዚአብሔር የለም» በሚለው ቃል ውስጥ «ለምን አልሰማኝም?» የሚል ኀዘን ያለ ይመስለኛል። አንቺ ስለ እግዚአብሔር መኖር ስትከራከሪው እሱ የሚያስበው ስለ አባቱ ነው፤ ስለዚህም አልተገናኛችሁም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ማርታም ማርያምም ጌታን ያገኙት በዚሁ ቃል ነበር፤ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት። እሱም እንዴት እንዲህ ትሉኛላችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም። ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነገራት፤ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ደግሞ እሱ ራሱ እንባውን አፈሰሰ። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ማልቀሱን ልብ በይ። አንቺም ከወንድምሽ ጋር ገና ስለ አባታችሁ አብረሽ አላለቀስሽ እንደሆነ፥ ምስክርነትሽ ከዚያ ይጀምር። ጠበሉ ቦታ ላይ ምን እንደሆነ፥ አባታችሁ በመጨረሻ ምን እንዳሉት ጠይቂው፤ ሲነግርሽም ሳታርሚው ስሚው። ምናልባት ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው የለም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በፊተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ተስፋችሁ ምክንያት «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት» ተዘጋጁ ካለ በኋላ፥ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ወንድምሽ ግን ገና አልጠየቀሽም፤ ስለዚህ በቴሌግራም መላኩን ለጊዜው ተዪው። የጠየቀሽ ዕለት የምታውቂውን በአጭሩ መልሺለት፤ የማታውቂውን ደግሞ «አላውቅም፥ አባቶችን እጠይቅልሃለሁ» በይው። እውነቱን ተናግረሽ ማለፍሽ ያስከብርሻል እንጂ አያሳፍርሽም።

የጾሙን ነገር በተመለከተ፥ ቤቱ የእናታችሁ ነውና በጾም ሥጋ አይሠራም ካሉ ሥርዓታቸውን ማክበር ተገቢ ነው፤ ወንድምሽም ይህን ያጣዋል ብዬ አላስብም። የጎዳው የተከለከለው ሥጋ ሳይሆን በማዕድ ላይ፥ በእናቱ ፊት መወቀሱ ይመስለኛል። ሽሮውን ትኩሱን፥ እሱ እንደሚወደው አድርገሽ አቅርቢለትና ስለ ጾም አንድም ቃል አትናገሪ። ውጭ በልቶ ቢመጣም ከየት መጣህ አትበይው። ጾም አንቺ ለእግዚአብሔር የምታቀርቢው መሥዋዕት ነው፤ በእሱ ላይ መፍረጃ ስታደርጊው ዋጋውን ታጪበታለሽ።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ አውቀሽ ግቢበት። ጌታን በሥጋ የሚዛመዱት፥ ወንድሞቹ የተባሉት እንኳ በመጀመሪያ እንዳላመኑበት ዮሐንስ በምዕራፍ 7 ጽፏል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ግን ከእመቤታችንና ከሐዋርያት ጋር በጸሎት ሲተጉ እናገኛቸዋለን። በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም ልጇ ማኒ በተባለው ሰው የስሕተት ትምህርት በተያዘ ጊዜ፥ ተከራክሮ እንዲመልስላት አንድ ጳጳስ ለምና ነበር። ጳጳሱ ልጁ ገና ለመማር ያልተዘጋጀ መሆኑን አይቶ እንቢ አላት፤ ተዪው፥ ብቻ ጸልዪለት ብሎም መከራት። ከብዙ ዓመታት እንባ በኋላ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ387 በሚላን ከተማ በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ እሷም ይህን አይታ በዚያው ዓመት ዐረፈች። የወንድምሽን ክርስትና ስም በየዕለቱ ጸሎትሽ አንሺ፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። ወደ ቤት ይምጡና ይገሥጹልኝ ብለሽ ግን አትለምኛቸው።

የአባታችሁ ሙት ዓመት ሲደርስ ለወንድምሽ የልጅነት ድርሻውን ስጪው። ለጸሎቱ ስም የሚያጽፈው፥ ዝክሩን ከእናታችሁ ጋር የሚያሰናዳው እሱ ይሁን። እቤተ ክርስቲያን አልገባም ቢል፥ ከቅጽሩ ውጭ መቆምም ይችላል፤ አንቺም ጸሎቱ እንዳለቀ ወጥተሽ አጠገቡ ቁሚ።