መጀመሪያ ፎቶው የት እንደሚሄድ ጠይቁ

«ጋሼ፣ በነጻ ከሚገኙት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ከወጣት ፎቶ አንሺዎች ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። ሁሌም ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው። ፎቶው የት ነው የሚሄደው? ቴሌግራም ላይ ሊለጠፍ ነው? የሰርግ አልበም ሊሆን ነው? ማተሚያ ቤት ገብቶ ባነር ሊሆን ነው? ወይስ ለቪዛ ፎርም? ይሄን ሳትለዩ ያገኛችሁትን ሁሉ ብትጭኑ ላፕቶፓችሁ ይሞላል እንጂ ሥራ አይወጣም። ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ሥራ ነው የጨረስኩት፣ ፎቶሾፕ ከሌለኝ ባለሙያ አልሆንም ብላችሁ ስትጨነቁ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ከሁሉ በፊት ክራክ ተዉ። ላፕቶፕ ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ በፍላሽ የሚጭንላችሁን፣ ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፎቶሾፕ ማለቴ ነው። ከክራኩ ጋር ምን አብሮ እንደገባ እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። አንድ የማውቀው ፎቶ ቤት በዚህ መንገድ በገባ ቫይረስ የሰርግ ፎቶ የሞላበት ሃርድ ዲስክ ተቆልፎበት፣ ለሙሽሮቹ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ግራ ገብቶት ነበር። ነጻውንም ቢሆን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎግል ላይ ጊምፕ የተባለውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ለፈለጉ ሰዎች ማስታወቂያ መስሎ የወጣ አስመሳይ ገጽ መረጃ የሚሰርቅ ቫይረስ ሲያወርድላቸው ነበር። ትክክለኛው ጊምፕ ዶት ኦርግ ነው። ፊደል በፊደል አይታችሁ ግቡ።

ገና ለጀመራችሁና በስልክ ለምታነሱ ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ አፕ ይበቃል። በ2011 ወጣ፣ በ2012 ጎግል አፑን የሠራውን ኩባንያ ገዝቶ በነጻ ለቀቀው። ዳታ ሳታበሩም ይሠራል። እኔ በጣም የምወድለት ሴሌክቲቭ የሚባለውን መሣሪያ ነው፣ ምክንያቱም እኛ አገር በየበዓሉና በየሰርጉ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። ነጭ የሀበሻ ልብስ የለበሰ ጠይም ሰው ፀሐይ ላይ ስታነሱ ካሜራው በነጩ ልብስ ተታሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊት ይጨልማል። ፊቱ ይታይ ብላችሁ ሙሉውን ፎቶ ካበራችሁት ደግሞ የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። በሴሌክቲቭ ጣታችሁን ፊቱ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ክቡን ታጠባላችሁ፣ ፊቱን ብቻ ትንሽ ከፍ ታደርጋላችሁ። ልብሱ እንዳለ ይቀራል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰው ፊት አታንጡ። በስልክ በነጻ የሚገኙ ብዙ የማሳመሪያ አፖች ገና ስትከፍቷቸው ቆዳ ያነጣሉ፣ አፍንጫ ያቀጥናሉ፣ ሰውየውን እናቱ እንኳን እንዳትለየው ያደርጉታል። ጠይም ፊት ብርሃን ሲያገኝ ያምራል፣ መንጣት አያስፈልገውም። ብጉር አጥፉ፣ ላብ አድርቁ፣ እዚያ ላይ አቁሙ።

ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ሮው አንሱ፣ ካሜራው የያዘውን ሳያሳምር እንዳለ የሚያስቀምጥ ፋይል ነው። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። የጨለመው ፊት ሲበራ ሳይቆሽሽ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስታነሱ ለነጩ ልብስ ተጠንቀቁ፣ ጨርሶ የተቃጠለ ነጭ በምንም ፕሮግራም አይመለስም፣ የጨለመውን ግን ኋላ ታነሱታላችሁ። ለዚህ ዳርክቴብል አለላችሁ፣ ሮውቴራፒም አለ። ሁለቱም በነጻ ናቸው፣ ኦሪጅናሉን አይነኩም፣ ያደረጋችሁትን ለውጥ ለብቻው ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፉታል። ዳርክቴብል መጀመሪያ ሲከፈት ያስፈራል፣ አልዋሻችሁም። ኤክስፖዠርንና ዋይት ባላንስን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠንና የቀለሙን ሚዛን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ተለማመዱ፣ ሌላውን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ። የሰርግ ፎቶ ሲሆን አንዱን አሳምራችሁ ቅንብሩን ሌሎቹ ላይ መገልበጥ ስለምትችሉ ሌሊት ሙሉ ከመቀመጥ ትድናላችሁ። ራም ግን ይፈልጋል፣ ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋባይት ቢኖረው ይመረጣል።

ሬቱሽ፣ ጀርባ መቀየር፣ የተቀደደ የድሮ ፎቶ መጠገን፣ በሌየር (ምስሉን በተደራራቢ ንብርብር) መሥራት ከሆነ ጊምፕ ነው። በ1995 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ሲሆን 3.0 የተባለው ስሪት በመጋቢት 2025 ወጥቷል። የድሮውን ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ይሄኛውን እዩት፣ አሁን ኢፌክት ከጨመራችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። እጃችሁ ፎቶሾፕ ከለመደ ግን ፎቶፒን ሞክሩ። በብራውዘር ይከፈታል፣ አቀማመጡ ፎቶሾፕን ይመስላል፣ ደንበኛ የላከውን የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይልም ይከፍታል። ድረ ገጽ ነው ብላችሁ ፎቶው ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል ብላችሁ አትስጉ፣ ሥራው የሚሠራው እዚያው እናንተው ማሽን ላይ ነው።

ለማተሚያ ቤት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፣ ማሽኑ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ነዋ የሚያትመው። ጊምፕ የሚሠራው በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ አዲሱ ስሪት ግን ሲጨርስ ሲኤምዋይኬ አድርጎ ያወጣል። ክሪታ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መሥራት ይችላል፣ በተለይ ሥዕል ለምትሥሉ። ጽሑፍ የበዛበት መጽሔት ወይም ብሮሸር ከሆነ ፎቶውን ጊምፕ ላይ ጨርሳችሁ ገጹን ስክራይበስ ላይ አዋቅሩ፣ ሎጎ ከሆነ ኢንክስኬፕ። ማተሚያ ቤቱ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚፈልግ ሥራ ሳትጀምሩ ደውላችሁ ጠይቁ። የአማርኛ ፊደልም እንደዚሁ ነው፣ ከየትም ተገልብጦ የመጣ ፎንት ለደንበኛ ሥራ አትጠቀሙ። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል ለንግድም በነጻ የተፈቀዱ ናቸው።

ብዙ ፎቶ ባንዴ ማሳነስ ብቻ ከፈለጋችሁ ኢርፋንቪው ፈጣን ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ለግል ነጻ ነው፣ ፎቶ ቤት ከፍታችሁ የምትሠሩበት ከሆነ ግን ፈቃድ ይገዛል። ፈቃዱን አንብቡ።

የዲቪና የቪዛ ጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ ጠበቅ እላለሁ። ለዲቪ የሚጠየቀው ካሬ ፎቶ ነው፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ መነጽር የሌለበት። ጊምፕ ላይ ቆርጣችሁ ስታወጡ ኳሊቲውን ዝቅ እያደረጋችሁ የፋይሉን መጠን እዚያው ታያላችሁ። ከመቁረጥና ከማሳነስ ግን አትለፉ። ፊት የተነካካ ፎቶ ውድቅ ያስደርጋል። ደንበኛው «ትንሽ አሳምረኝ» ቢላችሁ እንኳን እምቢ በሉት፣ የሚጎዳው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ፕሮግራሞቹ ዕድሜ ነው። ፒካሳ የተባለውን የፎቶ ፕሮግራም ብዙ ሰው በነጻ ይጠቀምበት ነበር፣ ጎግል በ2016 ዘጋው። ኒክ ኮሌክሽን የተባለው የፎቶ ማሳመሪያ ስብስብም በዚያው ዓመት ነጻ ተደረገ፣ በ2017 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠና ተመልሶ በገንዘብ ሆነ። ስናፕሲድም ፎቶፒም ባለቤት ስላላቸው ነገ ምን እንደሚወሰን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ጊምፕ፣ ዳርክቴብልና ክሪታ ግን ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አንድ ኩባንያ ተነስቶ ሊዘጋቸው አይችልም። ስለዚህ ዋናውን ሙያችሁን በእነዚህ ላይ አቁሙ፣ ሌሎቹን ለቀላልና ለጥድፊያ ሥራ ያዟቸው። የተጨረሰ ሥራም በፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ብቻ አይቀመጥ፣ አንድ ቅጂ ጥራት በማይቀንሰው የቲፍ ፋይል አውጡና ከሮው ፋይሉ ጋር ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሩት።