ልጄን ማን ይያዝልኝ? የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹን የላኩት የሰሜን ሸዋ ወላጆች ናቸው። እኔም ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር) ያለበት ልጅ እናት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በማውቀው ልክ እመልሳለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ አትራመድም፣ አትቀመጥም። እርዳታ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው?

እህቴ፣ ሁሉን የሚጨርስልሽ አንድ ቢሮ የለም። ነገሩ በየበሩ ተበታትኗል። ሕክምናው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፣ ትምህርቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ማኅበራዊ ድጋፉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ሴፍቲኔቱ ደግሞ ቀበሌ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያዢ። የልደት ምስክር ወረቀቷን አውጪ። ቀጥለሽ ሐኪሙ ስለ ልጅቷ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። የበሽታው ስም ብቻ አይበቃም። ብቻዋን መብላት፣ መቀመጥ፣ መጸዳዳት እንደማትችልና ቀን ከሌት ሰው እንደሚያስፈልጋት ይጻፍበት። ኮፒ አድርገሽ ዋናውን ቤትሽ አስቀምጪ። ቢሮ ላይ ወረቀት ይጠፋል፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ፣ መክፈል የማይችሉ ተብለው የሚለዩ ቤተሰቦችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ልየታው ቀበሌ ላይ ስለሆነ ስብሰባው እንዳያመልጥሽ። ካልመጣሽ ስምሽን የሚያነሳ ላይኖር ይችላል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳም፣ ለሥራ የደረሰ ጉልበት የሌለው ቤት ሳይሠራ የሚታገዝበት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል መስመር አለ። «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ መሥራት ትችያለሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። ያን ጊዜ ነው «ቀን ከሌት ሰው ያስፈልጋታል» የሚለው የሐኪም ወረቀት የሚያወጣሽ።

ከደብረ ብርሃን፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ልጄን ለሕክምና ስወስድ ቀረህ እያሉ ያስጠነቅቁኛል። ምን መብት አለኝ?

ወንድሜ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። ይህም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የዓመት ፈቃድህ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። የታወቀ ቀጠሮ ካለህ ለእሱ የዓመት ፈቃድህን ተጠቀም፣ ያለ ክፍያውን ለድንገተኛው አቆየው። ሁለቱንም በጽሑፍ ጠይቅ። ለአለቃህ በቃል ነግረህ መሄድ ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንህም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልንወስደው ነው። ክኒኑን እናቁመው?

በፍጹም! ይዛችሁት ሂዱ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ስጡት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ይሄ ሕይወት ይቀጥፋል። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። «ካላቆማችሁ አይድንም» የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ሌላ ጋ እሄድ ነበር።

ከዓለም ከተማ፦ ሳበላት ትታነቃለች።

አስተኝተሽ አታብያት። ቀና ብላ ትቀመጥ፣ አገጯም በትንሹ ወደ ደረቷ ዘንበል ይበል። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አታድርጊው። እንደ ገንፎ ወፈር ያለ ነገር እንደ ውሃ ከቀጠነው ይሻላታል፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳትቸኩዪ። ሳልና ትኩሳት ከተመላለሰባት ምግቡ ሳንባዋ ውስጥ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ውሰጃት።

ከደብረ ሲና፦ ትምህርት ቤቱ «እዚህ አይሆንም» አለን።

እንቢታቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይለሳለሳሉ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የመማር መብት እንዳለው ይላል። ከዚያ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን አነጋግሩ።

ከአንኮበር፦ ባሌ ጥሎኝ ሄደ። እኔም ደከመኝ፣ አንዳንዴ ሞቴን እመኛለሁ።

እናቴ፣ ሞትሽን እንደምትመኚ ለጤና ጣቢያ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ። ሞትን መመኘት ራሱ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው፣ ምንም አያሳፍርም። ዛሬ ሌሊቱን ብቻሽን አትደሪ፣ እህትሽን ወይም ጎረቤትሽን ጥሪ።

አባትየው ቢሄድም ቀለብ መስጠት ግዴታው ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ትችያለሽ። አቤቱታውን ማን እንደሚጽፍልሽ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።

ዕረፍትሽን በተመለከተ፣ እድሩን ለገንዘብ ብቻ አታስቢው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁን የሚይዝልሽ ሰው እንዲመድቡልሽ ጠይቂ። እስካሁን ካልያዙልሽ፣ መያዝ ስለሚፈሩ ነው እንጂ ጨክነው አይደለም። አንድ ቀን አጠገብሽ አስቀምጠሽ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚበላ አሳዪያቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእንደ እኛ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ አገራችንም ውስጥ የተሞከረ ነው። ሆስፒታል ስትሄጂ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ።