«ውልሽ አልቋል» የተባለች ነፍሰ ጡር መምህርት

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየመስከረሙ ውል እየፈረምኩ እስከ ሰኔ 30 ሠርቻለሁ። አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ርዕሰ መምህሩ «ውልሽ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ለከርሞ አናድስም፤ ከወለድሽ በኋላ እናያለን» አሉኝ። በፈቃዴ መልቀቄን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድፈርምም ጠይቀውኛል። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት። ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን አይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላ የሚቀርዎት «ተገድጄ ነው» የሚል ክርክር ነው፤ እሱን ማስረዳት ከባድ ነው። ክሊራንስ ሙዪ ካሉዎት መጽሐፍና ቁልፍ ማስረከብዎን ብቻ የሚገልጽ መሆኑን አንብበው ይሙሉ።

የግል ትምህርት ቤት መምህራን የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሆኑ ሕጉም የአቤቱታው መንገድም ሌላ ነበር።) አዋጁ ሠራተኛዋን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል፤ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ካልኖረ በቀር። አንቀጽ 26ም እርግዝና ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ለይቶ ይጠቅሳል።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሳያውቁት የሚቀሩ አይመስለኝም። «አሰናብቼሻለሁ» ሳይሉ «ውልሽ አለቀ» ማለታቸው ለዚሁ ይመስላል። ውሉ በእርግጥ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ከሆነ ጊዜው ሲደርስ ይቋረጣል፤ የእርግዝና ጥበቃውም ብዙ አይረዳዎትም። ስለዚህ ዋናው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

በአንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ሊዋዋሉ የሚችሉት በአንቀጽ 10 ለተዘረዘሩት ሁኔታዎች ነው፦ ፈቃድ ላይ ያለ ወይም የታመመ ሠራተኛን መተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራ፣ የወቅት ሥራ፣ እነዚህን የመሳሰሉ። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ከእነዚህ የቱ ነው? ትምህርት ቤቱ «የወቅት ሥራ ነው፤ ክረምት ዝግ ነን» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ደግሞ የሥራ መደቡ በየዓመቱ እንዳለ፣ አራት ዓመት ሳይቋረጡ እንደያዙት፣ በመስከረም ሌላ መምህር እንደሚቀጠርበት ያስረዱ። ወረቀቱ ላይ «ለአሥር ወር» መባሉ ብቻውን የሥራውን ጠባይ አይለውጥም። በእኔ አመለካከት ጠንካራ ክርክር ነው፤ ሆኖም ውጤቱ በማስረጃዎ ይወሰናል።

አራቱን ውሎች፣ የደመወዝ ማስረጃዎችን፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን፣ ርዕሰ መምህሩ የላኩት የስልክ መልእክት ካለ እሱንም ይያዙ። በክረምት ያስተማሩበት ወይም ፈተና ያረሙበት ሰነድ ካለዎት ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማል፤ የ«ወቅት»ን ክርክር በቀጥታ ስለሚመታ። የጡረታ መዋጮዎ በየትኞቹ ወራት እንደተከፈለም ይጠይቁ። እርግዝናዎን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ከሰኔ 30 በፊት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምልዎ። ኋላ «አላወቅንም» የሚል መልስ እንዳይመጣ ነው።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ወደ ሥራ እንዲመለሱ፣ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝም እንዲከፈልዎ የሥራ ክርክር ችሎቱ ሊወስን ይችላል። ከተመለሱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ አለዎት። መመለስ ካልሆነ ደግሞ የቀን ደመወዝዎ 180 ጊዜ ተባዝቶ ካሳ ይሆናል፤ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያም ይታከላል።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። መምህራን «መስከረም ይምጣ፣ ምናልባት ይጠሩኛል» እያሉ ክረምቱን ይጠብቃሉ፤ ፍርድ ቤቶችም በክረምቱ ለዕረፍት ይዘጋሉ። እርስዎ እስከዚያ ወልደው አራስ ቤት ሊሆኑ ስለሚችሉ ክሱን በሐምሌ ይክፈቱ። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል፤ መዘግየት ስለማይጠፋ ግን ለቀጠሮዎቹ ውክልና የሚሰጡት የሚያምኑት ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ።