ሥራሽን አትልቀቂ፤ ስምሽን ግን አስጽፊ

የማስታወቂያ ፊልም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነሽ። ስለ ፈረንሳዊቷ የፊልም ዳይሬክተር አሊስ ጊ አንብበሽ «እሷም ጸሐፊ ነበረች፤ እኔስ ሥራዬን ለቅቄ ልሞክረው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ አሊስ እኮ ሥራዋን አልለቀቀችም! አባቷ ሲሞት እናቷን ለመደገፍ ታይፕ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ውስጥ ሊዮን ጎሞን የሚሠራበት፣ በኋላም የራሱ ያደረገው ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ገባች። ቤቱ የካሜራ ንግድ ነበር፤ ደብዳቤ እየጻፈች ዕቃውንም ሰዎቹንም አወቀች። በ1896 «አጭር ታሪክ ልቅረጽ?» ስትል አለቃዋ የጽሕፈት ሥራዋ እንዳይበደል ብቻ አስጠንቅቆ ፈቀደላት። ከጎመን መሐል ሕፃናት ስለምታወጣ አስማተኛ ሴት የሚያሳይ የተረት ፊልም ሠራች፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ቀጥሎ የድርጅቱን የፊልም ሥራ ለዓመታት መራች።

እኔም ወደ ሙያዬ የገባሁት በመዝገብ ቤት በኩል ነው። ማን፣ ለምን እንደሚቀጠር ያየሁት ፋይል ሳደራጅ ነው። የካሜራ ኪራይና የተዋናይ የቀን ክፍያ በአንቺ እጅ ያልፋል። ይህን የማያውቅ ዳይሬክተር ገንዘቡ መሐል መንገድ ላይ ያልቅበታል።

ወንድምሽ «ፊልም እንጀራ አይሆንም» ካለ፣ መጀመሪያ የእናታችሁን ኪራይ ግማሽ ይክፈል። «31 ዓመት ሞላኝ» ላልሽው፣ አሊስ አሜሪካ ሄዳ ሶላክስ የተባለውን የፊልም ድርጅት በ1910 ስታቋቁም 37 ዓመቷ ነበር።

እኔን ያንገበገበኝ በደብዳቤሽ መጨረሻ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። ሁለት የማስታወቂያ ስክሪፕት ጽፈሽ ስምሽ አልተጠቀሰም፤ «ምን ችግር አለው» ብለሽ አለፍሽው። ችግርማ አለው! አሊስ አሜሪካ ውስጥ ፎርት ሊ በተባለች ከተማ የራሷን ስቱዲዮ ያሠራች ሴት ናት። ግድግዳው ላይ ለተዋንያን «አታስመስሉ» የሚል መልእክት በትልቁ አስጽፋ ነበር። በ1922 ሁለት ልጆቿን ይዛ ፈረንሳይ ስትመለስ ግን ዳይሬክት የምታደርገው ፊልም የሰጣት አልነበረም። ብዙዎቹ ሥራዎቿ ጠፉ፤ ሌሎቹ በወንዶች ስም ተመዘገቡ። በስተርጅናዋ የገዛ ፊልሞቿን ዝርዝር ራሷ ስታሰባስብ፣ ፍለጋ ስትንከራተት ኖረች። በ1968 ስትሞት እንኳ ያገኘችው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አለቃሽ ዘንድ ግቢ። የሁለቱን ስክሪፕቶች ደራሲነት በደብዳቤ ያረጋግጥልሽ፣ ማኅተም ይኑረው። ከዚያ አንድ ትንሽ ማስታወቂያ በትርፍ ሰዓትሽ ዳይሬክት እንድታደርጊ ጠይቂ። ክፍያው ቢያንስም ተቀበይ። ውሉ ላይ «ዳይሬክተር» ከሚለው ጎን ሙሉ ስምሽ ካልሰፈረ ግን አትፈርሚ።