አንዱን ግልገል አጥብታ ሌላውን የገፋች በግ

ከመንዝ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«እንደምን ሰነበታችሁ። ከትናንት ወዲያ ሌሊት አንዷ በጌ መንታ ወለደች። አምና ቄብ ነበረች፤ ስትወልድ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ውርጩ ክፉ ስለነበር ልጆቼ ግልገል እሳት ዳር ሲያሞቁ አደሩ። አሁን አንዱን ደህና አድርጋ ታጠባለች። ሌላው ሲጠጋት ግን በግንባሯ መትታ ትጥለዋለች። ጎረቤቶች ዓይን ነው ይላሉ። መድኃኒት ካለው ንገሩኝ፤ ከሌለው ለቅዳሜ ገበያ ላወጣት ነው።»

እህቴ፣ ገበያ አያውጧት። ከሁሉ በፊት የተገፋውን ግልገል ይያዙና ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። አፉ ከሞቀ ደህና ነው፤ አሁኑኑ ይጥባ። አፉ ከቀዘቀዘና አንገቱን መያዝ ካቃተው ግን ወተት አይጋቱት፤ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። አስቀድመው ያሙቁት፤ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ያጥቡት። እናቲቱን አንድ ሰው ይያዝ፣ እርስዎ ደግሞ ግልገሉን ከጡቷ ያገናኙት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይህን ካደረጉ አይሞትብዎትም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በመልእክትዎ መሀል አንድ ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል፤ ልጆቹ ግልገል እሳት ዳር ሲያሞቁ ማደራቸውን። የትኛውን እንደሆነ አልጻፉልኝም። የእኔ ግምት ግን የተገፋው ያ እሳት ዳር ያደረው ነው የሚል ነው። ምናልባትም ቀድሞ የተወለደው እሱ ነው። በጊቱ ሁለተኛውን ስታምጥ ልጆቹ አዝነው አነሱት፣ በጨርቅ ጠራረጉት፣ ይዘውት ገቡ። ሁለተኛው ሲወለድ አጠገቧ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው። እሱን ላሰች፣ እሱን አሸተተች፣ እሱን ልጄ አለች። ሲነጋ ያመጣችሁላት ግልገል ለእሷ የሌላ በግ ልጅ ነው።

ጡቷ ታሞ ይሆን ብዬም አስቤ ነበር። ጡቷ የሚያማት በግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አታስጠጋም፤ የእርስዎዋ አንዱን በሰላም ታጠባለች። ለማንኛውም ሁለቱንም የጡቷን ጎን ይዳስሱ። ከጋለ፣ ከጠጠረ ወይም ወተቱ ከረጋ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዷት። ያ ከሌለ ነገሩ የሽታ ነው።

ጎረቤቶችዎ ዓይን ነው ማለታቸው አይገርመኝም። እናት ልጇን ስትመታ ማየት ያስደነግጣል። ግን በጊቱ ያደረገችው በግ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይቻላል። ኒኮ ቲንበርገን የተባለ ሆላንዳዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ጠባይ አራት ዓይነት «ለምን» መጠየቅ እንዳለበት ጽፏል። እኛን ዛሬ የሚረዱን በተለይ ሁለቱ ናቸው። አሁን በሰውነቷ ውስጥ ምን ሆነ? ይህ ጠባይስ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ ምን ጠቅሟት ነው?

የመጀመሪያውን እንይ። በግ ከመውለዷ በፊት የሽርት ውሃ ሽታ አይስባትም፤ እንዲያውም ትሸሸዋለች። በምጥ ሰዓት ይህ ይገለበጣል። ግልገሉ የማሕፀኑን በር ለጥጦ ሲወጣ፣ ያ መለጠጥ ራሱ ለአንጎሏ ምልክት ይሰጣል። ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን አንጎሏ ውስጥ ይለቀቃል። ትሸሸው የነበረው ሽታ ያኔ ይጠራታል። ዞር ብላ እርጥቡን ግልገል መላስ ትጀምራለች። አፏን ሳትከፍት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉረመርምለታለች፤ ይህን ድምፅ በሌላ ጊዜ እምብዛም አይሰሙትም። እየላሰችም ትማራለች። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የልጇን ሽታ ከሌላው ሁሉ ለይታ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሽታው የማታውቀው ግልገል ቢመጣ ትመታዋለች። ያልላሰችው ልጅ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ቢመጣላትም የመቀበል ስሜቷ ቀዝቅዟል።

በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ የተመራማሪዎች ሥራ ይህን በደንብ አሳይቷል። ወልደው ሁለት ሦስት ሰዓት ያለፋቸውንና የራሳቸውን ልጅ የለዩ በጎች የመውለጃ መንገድ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲነካኩት፣ በጎቹ እንደገና የወለዱ መሰላቸው፤ የሌላ በግ ግልገልም ተቀበሉ። ይህን ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ያቆስላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ያነሳሁት ልጅ የመቀበልን በር የሚከፍተው ምጥ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

ሁለተኛው «ለምን» ደግሞ የጥንት ነው። የበግ ዘር ከሰው ጋር መኖር ከመጀመሩ በፊት በተራራ ላይ በመንጋ ይኖር ነበር። እናቶቹ በአንድ ወቅት ይወልዳሉ። ግልገል በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆሞ ይሄዳል፣ ከሌሎቹም ጋር ይቀላቀላል። ወተት ደግሞ ከእናቲቱ ገላ የሚወጣ ነው፤ ሳሩ ሲሳሳ ለአንድም ልጅ አይበቃም። ለመጣው ሁሉ ያጠባች እናት የገዛ ልጇን አስራበች፣ ልጇ ሳይደርስ ቀረ፣ ጠባይዋም ከእሷ ጋር ቀረ። የራሷን ለይታ ባዕዱን የገፋችዋ ግን ልጅ አደረሰች። ዛሬ በየጉረኖው ያሉት በጎች የእሷ ዘር ናቸው። ውሻን ይመልከቱ፤ ቡችሎቿ ዓይናቸው ሳይገለጥ ከተኙበት ስለማይወጡ እዚያ ያገኘችው ሁሉ የራሷ ነው። ለዚህም ነው የሌላ ውሻ ቡችላ ቢያስጠጉባት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ የምታጠባው።

እንግዲህ በጊቱ ጨካኝ አይደለችም። ልጇን የምታውቅበት ሰዓት አለፈባት። እኛ ደግሞ ያንን ሰዓት መመለስ ባንችልም ሽታውን በግድ ልናስለምዳት እንችላለን። የሚያስፈልግዎ ሁለት እንጨት፣ ጥቂት ገመድና አራት አምስት ቀን ነው።

ከነፋስ የተከለለ ጥግ ይምረጡ። ስፋቱ ሦስት ክንድ በሦስት ክንድ ይበቃል። ደረቅ ገለባ ያንጥፉበት። በአንዱ ጎን ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች መሬት ውስጥ በደንብ ይትከሉ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት አንገቷን የሚያስገባ፣ ጭንቅላቷን ግን የማያሾልክ ይሁን። አንገቷን ከመሀል ያስገቡና እንጨቶቹን ከላይ በገመድ ያያይዙ። ከታች ምንም ማገጃ አያድርጉ፤ መተኛት ስትፈልግ አንገቷ ወደ ታች እንዲንሸራተት ነው። አንገቷን በገመድ ብቻ ከምሰሶ ጋር የሚያስሩ አሉ። ስትራገጥ ታንቃ ትሞታለች፤ አደራ።

ከፊቷ ድርቆሽና ውሃ አይታጣ። አንድ ሁለት እፍኝ ፉርሽካ ወይም አተላ ካለ ይጨምሩላት፤ ለሁለት የምታጠባ በግ ትራባለች።

ሁለቱንም ግልገሎች ከኋላዋ ይልቀቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በግ ልጇን ስታጠባ አንገቷን ታዞርና የጅራቱን ሥር ታሸታለች። የምትለየው እዚያ ነው። አንገቷ ከተያዘ ግን ዞራ ማሽተት አትችልም። ግልገሉ ሳይመታ ይጠባል። ትራገጥ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ቀን አጠገቧ ሆነው የኋላ እግሯን ይያዙላት። በሁለተኛው ቀን ብዙዎቹ ይታክታቸዋል።

ይህን እያደረጉ ሽታቸውን ያመሳስሉ። አንድ ንጹሕ ጨርቅ ይውሰዱ። የምትወደውን ግልገል ጀርባውንና የጅራቱን ሥር ደህና አድርገው ይሹት፤ ወዲያው በዚያው ጨርቅ የተገፋውን ይሹት። ደጋግመው ያድርጉት፣ በተለይ ከማጥባት በፊት። ከጡቷም ጥቂት ወተት አልበው ጀርባው ላይና ጅራቱ ሥር ይቀቡት። ሌሊት ሁለቱ ግልገሎች ተቃቅፈው ይተኙ፤ ይህም ያግዛል። ጥጃ የሞተባትን ላም በቆዳው የሚያታልሉ ገበሬዎች ያሉት ይህንኑ የሽታ ነገር ስለሚያውቁ ነው።

ጠዋትና ማታ ግልገሎቹን ለይተው፣ እሷን ለአጭር ጊዜ አውጥተው እግሯን ታፍታታ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እየፈቱ ይሞክሯት። ዞራ አሽትታው ዝም ካለች አልቋል። ከመታችው ይመልሷት፤ አንድ ሁለት ቀን ይጨምሩ። ስትመታው ግን እርስዎም እንዳይመቷት። የፈራች እናት ለመላመድ ትዘገያለች። አፍንጫዋ ላይ ላምባ ወይም አረቄ መቀባትንም ይተዉ። እኛ የምንፈልገው እንድታሸትና እንድትለምድ ነው፤ አፍንጫዋ ከተቃጠለ የምትወደውንም ልጇን ታጣዋለች።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ከኅዳር እስከ ጥር ደጋ በወጣሁ ቁጥር የማየው ነው። በግ ወለደች ሲባል ልጆች ይሮጣሉ፤ እርጥቡን ግልገል ያነሳሉ፣ ይጠርጋሉ፣ አንዳንዴም ለብ ባለ ውሃ ያጥቡታል፣ እሳት ዳር አቅፈውት ያድራሉ። ከርኅራኄ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያ የሚጠረገው ውሃ የግልገሉ መታወቂያ ነው። እባካችሁ ተዉ። በተለይ መጀመሪያ ለምትወልድ በግ ተዉ። ብዙ የወለደች እናት ከዚህ በፊት ስለለመደች ስሕተታችንን ታልፍልን ይሆናል፤ ቄብ የነበረችው ግን ገና ልትማር ነው። የመንዝ በግ ደግሞ መንታ እምብዛም አይወልድም። ሁለት ልጅ መያዝ ለእናንተም ለእሷም እንግዳ ነገር ነው።

ውርጩስ? ግልገሉን ወደ እሳት ከመውሰድ እናቲቱን ከነልጇ ወደ ቤት ያስገቡ። እሳት መጠጋት ካለበት አፍንጫዋ ሥር ሆኖ ይጠጋ። መድረቅ ካለበት ደረቱንና ሆዱን በገለባ ፊቷ ያሹት፤ ራሱንና ጅራቱን ግን ለእሷ ይተዉላት። መንታ ከሆነ ሁለተኛው ሲወለድ የመጀመሪያውን ወደ አፏ ያቅርቡት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ትላስ። አንዴ ከላሰችውና ካጠባችው በኋላ ለትንሽ ጊዜ ቢለይም ትቀበለዋለች።

እሳት ዳር ማደር ሌላም ጣጣ አለው። ግልገል የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ ከእንገሩ፣ ማለትም እናቲቱ እንደወለደች ከምትሰጠው ከመጀመሪያው ወተት ነው የሚያገኘው። አንጀቱ ያንን መከላከያ የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት። ሌሊቱን እንገር ሳይጠባ ያደረ ግልገል ጠዋት ደህና መስሎ ይታያል፤ በሳምንቱ ተቅማጥ ወይም ሳል ሊጥለው ይችላል። የእርስዎው ግልገል ያ ሌሊት እንገር ካልቀመሰ በደረቅና ንጹሕ ቦታ ይጠብቁት፤ እትብቱን አዮዲን ይቀቡት። ከጡት ፊቱን ካዞረ ወይም ካስቀመጠው ቀን ሳይቆጥሩ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

ስለ መሸጡ። በመጀመሪያ ወሊዷ ስለገፋች አይሸጧት። በሁለተኛው ወሊድ አንጎሏም ሰውነቷም የለመደ ስለሆነ አብዛኞቹ ደህና እናት ይወጣቸዋል። በእርግዝናዋ መጨረሻ አንድ ወር ተኩል ላይ ግን መኖ አይንፈጓት። ከስታ የምትወልድ በግ ልጇን የምትልሰው ጥቂት ነው፣ እንገሯም ያንሳል። ማንም ሳይነካባት፣ ጠግባ እየወለደች ሁለተኛም ከገፋች ያኔ ይሽጧት፤ ለሥጋ እንጂ ለሌላ አርቢ አይሁን።

አምስተኛውም ቀን አልፎ አሁንም ከመታችው ደግሞ በጡጦ ያሳድጉት። ሌላ የወለደች በግ ካለችዎ ከእሷ ይለቡ፤ ከሌለ የላም ወተት ይሆናል። እንደ ገላ ሙቀት ለብ ይበል። ለአሁኑ በአንድ ጊዜ አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃዋል፤ ሲጠነክር መጠኑን እየጨመሩ ጊዜውን ይቀንሱ። ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጥባ። ጡጦውን በየጊዜው በፈላ ውሃ ይጠቡት። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ለስላሳ ድርቆሽ ያስጠጉለት፤ ሌሎቹን እያየ መቀማመስ ይጀምራል።