የ2010 ማክ ፕሮ ላይ የፒሲ ግራፊክስ ካርድ ይሠራል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ከፒሲ የተነቀለ ጂቲኤክስ 1060 አግኝቼ የ2010 ማክ ፕሮዬ ላይ ብሰካው ሞሃቪ (ማክ ኦኤስ 10.14) መጫን እችላለሁ ወይ ብለሃል። ካርዱ ይሰካል፣ ሞሃቪ ግን አያውቀውም። የካርዱ ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ ለዚያ ካርድ የማክ ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ያወጣው እስከ ሃይ ሲየራ (10.13) ብቻ ነው። 10.13.6 ላይ ከቆየህ ድራይቨሩን ጭነህ ትገለገልበታለህ፤ እሱም ከሲስተምህ የቢልድ ቁጥር (የእትሙ ትክክለኛ መለያ) ጋር ካልገጠመ እሺ አይልም። ሐሳብህ ሞሃቪ ከሆነ ሽጠውና የኤኤምዲ ካርድ ግዛ።

እኔ እንዳንተው ማሽን ላይ ቪዲዮ የማቀናብረው በሳፋየር ፐልስ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ነው። አፕል ራሱ ለሞሃቪ ይሆናሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ካርዶች አንዱ ስለሆነ ድራይቨር ፍለጋ የለም። ስትገዛ ግን «2048 ኤስፒ» የተባለውን ተወው። ስሙ 580 ቢሆንም ውስጡ የተቀነሰ ነው፤ መለያ ቁጥሩም ስለሚለይ ማክ እንዲሁ አይቀበለውም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ እንደነበረ አጣራ፤ ባዮሱ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ያለው ማስነሻ ሶፍትዌር፣ ተነካክቶ የሚሸጥ አለ።

አሁን ሰውን ሁሉ ወደሚያስደነግጠው ልምጣ። ስታበራው የአፕል ምልክት አይመጣም። ተራ የፒሲ ካርድ ለዚህ ማክ አሮጌ ኢኤፍአይ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) የሚሆን ፈርምዌር (ቺፑ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር) ስለሌለው፣ ማክ ኦኤስ የራሱን ድራይቨር እስኪያስነሳ ድረስ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ካርዱ ተቃጥሏል ብለህ ማሽኑን እንዳታጠፋው፤ ታገስ፣ መግቢያው ገጽ ይመጣል። ሲነሳ የኦፕሽን ቁልፍን ተጭነህ ዲስክ ልምረጥ ብትል ግን ምንም አታይም። ፋይልቮልትም (የማክ የዲስክ መቆለፊያ) የይለፍ ቃል የሚጠይቅህ እዚያው ጨለማ ውስጥ ስለሆነ አስቀድመህ አጥፋው። ኦፕንኮር የሚባለው ማስነሻ ይህን ይፈታዋል፣ ግን ቁጭ ብለህ ማጥናት ይጠይቃል። ስለዚህ የድሮውን 5770 ካርድህን ለማንም እንዳትሰጥ፤ አንድ ቀን ሲስተሙ አልነሳ ሲል የማስነሻውን ገጽ አሳይቶ የሚያወጣህ እሱ ነው።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ብዙዎች ፓወር ሳፕላዩ 980 ዋት ነው ብለው ይዘናጋሉ። ገደቡ ያለው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ሁለት ትንንሽ ባለ 6 ፒን ሶኬቶች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 75 ዋት፤ ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ራሱ የሚሰጠው 75 ሲጨመር 225 ይሆናል። አርኤክስ 580 ወደ 185 ዋት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ይበቃዋል። ካርዱ ግን የሚቀበለው በአንድ ባለ 8 ፒን ስለሆነ ሁለቱን ሶኬቶች የሚያጣምር ኬብል ግዛ። ከአንዱ ብቻ ከሳብክ ሬንደር መሃል ማሽኑ ድርግም ሊልብህ ይችላል። ከሳታ (የዲስክ) መስመር ኃይል የሚወስዱ ርካሽ መቀየሪያዎችን አልመክርም፤ ይግላሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በድሮው ካርድ 10.13.6 ድረስ አሻሽል፣ ከዚያ ካርዱን ቀይር፣ ሞሃቪን በመጨረሻ ጫን። መጫኛው መጀመሪያ የማክህን ፈርምዌር ላሻሽል ይልሃል፤ አጥፍተህ የኃይል ቁልፉን መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ተጭነህ ያዘው። ከመግዛትህ በፊት የካርዱን ፎቶ ከነጀርባው ለጥፍልኝና ልየው።